ሙሽራው ከነተሳቢው

ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ከሚሸጡት ሴቶች አንዷ «ሙሽራው» ትለኛለች። ከፋሲካ ወዲህ ባለፍኩ ቁጥር።

ነገሩ የጀመረው ባለቤቴ «ለእማዬ በግ በአውቶቡስ ጣሪያ መላክ ሰለቸኝ» ያለች ዕለት ነው። እማዬ ሸዋሮቢት ናቸው፣ እኛ ደብረ ብርሃን። እኔም ወንድ ነኝ ብዬ ለቤታችን ራቭ ፎር ተሳቢ ላስገጥምላት ተነሣሁ። በያጁ ከሻንሲው ጋር በቡሎን የሚታሰር መጎተቻ ሠራልኝ፤ ጫፉ ላይ 50 ሚሊ ሜትር የብረት ኳስ። ኳሷ ቆንጆ ናት። በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ ቅልጥሜን አራት ጊዜ አቅምሳኛለች፤ በደብረ ብርሃን ብርድ ቅልጥሙን ብረት ያገኘው ሰው ይፍረደኝ።

ቀጥሎ ኤሌክትሪሺያኑ። ለተሳቢው መብራት ሰባት ሽቦ ነው፤ ቢጫው ግራ ፍሬቻ፣ አረንጓዴው ቀኝ፣ ቀዩ የፍሬን፣ ነጩ ኔጌቲቭ፣ ሌላውን ተዉት። ልጁ ነጩን ሽቦ ቀለም በተቀባ ብረት ላይ በአንዲት ብሎን ቆነጠጠና «አለቀልህ ጋሼ» አለኝ። እውነቱን ነው፣ አለቀልኝ።

ሦስት ሙክት ጭነን ወጣን። ጣርማ በር ስንደርስ ጉሙ የታወቀው ጉም ነው፤ ጣሊያን ከፈለፈለው ዋሻ ወጥተን ቁልቁለቱን ስንጀምር ፍሬን ላይ ነኝ። ለካ ነጩ ሽቦ ብረቱን በደንብ ካልነካ፣ ኤሌክትሪኩ መመለሻ ሲያጣ በሌሎቹ አምፖሎች በኩል ይዞራል። ፍሬን ስይዝ ፍሬቻው ይበራል፣ ፍሬቻ ሳሳይ ቀዩም ቢጫውም አብሮ ብልጭ ድርግም ይላል። እኔ ከፊት ሆኜ ምን አውቄ! ከኋላዬ ያለው ሚኒባስ ጲ-ጲ-ጲጲጲ አደረገ። ሰላምታ መሰለኝና በክላክስ መለስኩለት። ጥፋቴ ይቺ ናት። አንድ አይሱዙ ተቀበለው፣ ሌላም ተከተለ፤ ደብረ ሲና የገባሁት በአምስት መኪና ታጅቤ ነው።

እልልታው ቀለጠ። ያቺ ቆሎ ሻጭ ሰፌዷን ይዛ መጣችና «ሙሽሪት የታለች?» አለች። ባለቤቴ ከኀፍረት የተነሣ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

«ይቻትና! ዓይነ አፋር ናት!»

የአሥራ አንድ ዓመት ትዳር ነው ያለን። ሁለት ልጆች ከኋላ ወንበር ተቀምጠዋል። ሴትየዋ እነሱን አይታ አንዳች ነገር ትጠረጥራለች ስል፣ አንገቷን አስግጋ ተሳቢውን አየችና «ሚዜዎቹማ ሦስት ናቸው» አለች። አንዱ ሚዜ ጮኸ። ቆሎ በነጻ ሰጠችን፤ ልጆቼ በልተው ጨረሱት፣ ሸዋሮቢት እስክንገባ ድረስ ባለቤቴ አላናገረችኝም።

ተሳቢ ካነሳሁ አይቀር፣ ተሳቢ ያለው ሰው ጎረቤት ሁሉ ዘመዱ ነው። ጭድ በሉ፣ አልጋ በሉ፣ የዕድር ድንኳን በሉ፣ ሁሉም የሚመጣው እኔ ጋ ነው። ነዳጅ ስንት ገባ የሚል አንድ ሰው የለም። ባለፈው ጭዱን የጫንኩለት ጎረቤቴ ጭራሽ «ቀስ ብለህ ንዳ፣ ይበተንብኛል» አለኝ።

መብራቱን ሌላ ጋራዥ ወሰድኩት። ሰውየው ብሎኗን ፈታ፣ ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ፋቀ፣ መልሶ አሰረ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀበትም።

ቅዳሜ ዕለት ብቻዬን፣ ያለ ተሳቢ፣ በደብረ ሲና ሳልፍ አየችኝ። የመኪናዬን ኋላ ተመለከተች፣ እኔን ተመለከተች፣ ሰፌዷን አስቀመጠች።

«ውይ ሙሽራው! ፈታሃት?»