ሚኤሶ ላይ ማሽላ ሲጫን

ዛሬ በአሮጌው የባቡር መስመር ላይ ባለችው ሚኤሶ ከተማ፣ ገበያው ዳር ማሽላ አይሱዙ ላይ ሲጫን ቆሜ አየሁ። ጫኞቹ ኩንታሉን በትከሻቸው ሲያመላልሱ አንዲት እናት በወስፌና በሲባጎ የተቀደደ ጆንያ ይሰፋሉ።

«በባቡሩ ጊዜም እንዲህ ይቀደድ ነበር እማማ?» አልኳቸው።

«ያኔማ ፉርጎው እዚህ ከተዘጋ ድሬዳዋ ነው የሚከፈተው ልጄ። አሁን ይጫናል፣ ይወርዳል፣ እንደገና ይጫናል። በየማውረጃው ለጫኝ ክፈል፣ ለደላላ ክፈል ነው።»

ሰፍተው ሲጨርሱ ጎንበስ ብለው መሬት የፈሰሰውን ጠራረጉና በሰፌድ ከአፈሩ ለዩት። ከአንድ እፍኝ አይበልጥም። እሱንም ጆንያው ውስጥ መለሱት።

በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው አሮጌው የጅቡቲ ባቡር በየትንሹ ከተማ ይቆም ነበር፤ ብዙዎቹ ከተሞች የበቀሉትም ጣቢያውን ተከትለው ነው። በ2009 የተመረቀው አዲሱ መስመር ከጅቡቲ ወደብ ኮንቴይነር ያመላልሳል፤ ለአገር ትልቅ ነገር ነው፣ ደስም ይለኛል። ግን አምስትና ስድስት ኩንታል ይዞ የሚመጣውን ሰውም ማሰብ አለበት። ስለ እህል ዋጋ ስናወራ ነጋዴውን ብቻ እንወቅሳለን፤ በየመንገዱ የሚከፈለውን የማውረጃና የመጫኛ ሒሳብ ግን ማንም አያነሳውም። ለአነስተኛ ጭነት የሚሆን ፉርጎ ቢያንስ በገበያ ቀን ሚኤሶ ቢቆም ምን ነበረበት?