የቆዳ ሽፍታዬ መነሻ ብረቱ መሆኑን ጌታ ገለጠልኝ

ይህን የምጽፈው ለእግዚአብሔር ክብር ነው። ለአጥንት ስብራት ሰውነታችሁ ውስጥ ብረት የገባላችሁ ሰዎች ደግሞ ጨርሳችሁ ብታነቡት ደስ ይለኛል።

የጭኔ አጥንት ተሰብሮ በብረትና በብሎን ታሰረ። ቁስሉ ቶሎ ደረቀ። ከዚያ በኋላ ግን ብረቱ ያለበት ቦታ ይቀላ፣ ያሳክከኝ፣ ሽፍታ ያወጣ ጀመር። ውስጥ ውስጡን ያመኛል። እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም። ኢንፌክሽን ነው ተብሎ አንቲባዮቲክ ታዘዘልኝ፤ ምርመራው ግን ጀርም አላገኘም። በራጅም ብሎኖቹ አልላሉም። እያመመህ «ምንም የለብህም» መባል እንዴት እንደሚያደክም የደረሰበት ያውቀዋል።

ጸሎቴ አንድ ነበር። «ጌታ ሆይ፣ ሰው ያላየውን አንተ ግለጠው።»

ሌላ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ዶክተሩ ፊልሙን ሳያዩ በፊት «የእጅ ሰዓት ስታስር ያሳክክሃል?» አሉኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ! የቀበቶ ዘለበት እንኳ ሆዴን ያቆስለዋል። ይህን ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ያቺን ጥያቄ አፋቸው ላይ ያኖራት እግዚአብሔር ነው፤ ይህን ማንም አያስክደኝም።

አጥንት የሚታሰርበት የማይዝግ ብረት ኒኬል የተባለ ማዕድን ከ10 በመቶ በላይ አለው። አብዛኛው ሰው በሰላም ይኖርበታል። ኒኬል የማይስማማው ሰው ግን አለ፤ ከእነሱም ጥቂቱን ውስጡ የገባው ብረት ያስቸግረዋል። ጀርባዬ ላይ የአለርጂ መመርመሪያ ተለጠፈ። ኒኬሉ ያለበት ቀልቶ አበጠ። ዶክተሩ ይህ ብቻውን ማረጋገጫ እንዳልሆነ አልደበቁኝም። ሌላው ሁሉ ተጣርቶ ስላለቀ ግን ብረቱ ወጥቶ ታይታኒየም በተባለ ሌላ ዓይነት ብረት ተተካ። እናንተም ብረት ነክ ነገር የሚያሳክካችሁ ከሆነ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ተናገሩ።

ታይታኒየም አየር ሲነካው በስስ የኦክሳይድ ሽፋን ይለበጣል። ሰውነታችንን የሚነካውም ያ ሽፋን ነው። የልብ ምት የሚያስተካክለው የፔስሜከር ቅርፊትም ከዚሁ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ1952 ፐር-ኢንግቫር ብሮነማርክ የተባለ ስዊድናዊ ሐኪም የደም ዝውውር ሊያጠና ጥንቸል አጥንት ውስጥ የታይታኒየም መሣሪያ አስገባ። ሊያወጣው ሲል እምቢ አለ። አጥንቱ ከብረቱ ጋር ተዋህዷል! በ1965 ይህንኑ ተጠቅሞ ለሰው ጥርስ ተከለ። ይህን ሳነብ አለቀስኩ። እኔ ሳልወለድ፣ ሰውየው ሌላ ነገር ሲፈልግ፣ ጌታ መድኃኒቴን ያዘጋጅ ነበር።

መቅላቱ ቀስ በቀስ ጠፋ። ስብራቱም ገጠመ። ዛሬ ተንበርክኬ እጸልያለሁ፤ ያለ ሰው እርዳታም እነሣለሁ። ስሙ ይባረክ!