«አላውቅም» ማለት
ዛሬ አንድ የቆየ ወዳጄ «በፈጣሪ መኖር ካላመንህ ራስህን ለምን ኤቲስት አትልም?» ብሎ ስለጠየቀኝ ቀኑን ሙሉ ሳሰላስል ዋልሁ። እኔ ራሴን የምጠራው አግኖስቲክ፣ ማለትም ፈጣሪ መኖር አለመኖሩን አላውቅም ባይ፣ ብዬ ነው። ይህን ቃል እ.ኤ.አ. በ1869 የፈጠረው እንግሊዛዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ቶማስ ሀክስሊ፣ በዙሪያው የነበሩት ምሁራን የህልውናን ምስጢር እንደፈቱ ሲናገሩ እሱ ግን አለመፍታቱን ያውቅ ስለነበር፣ ዕውቀትን ከሚያመለክተው የግሪክ ቃል ፊት አፍራሽ ቅጥያ ጨምሮ ለአቋሙ ስም አወጣለት። ኤቲስት መባል ስለ እምነት፣ አግኖስቲክ መባል ደግሞ ስለ ዕውቀት የሚናገር በመሆኑ ሁለቱን ስሞች አንድ ላይ የሚይዙም አሉ፤ ይህን ልዩነት ቀደም ብዬ ብረዳው ኖሮ ከብዙ ጭንቀት በዳንሁ ነበር። እኔ እምነቴን በአንድ ቀን አላጣሁም፤ ጸሎቴ ቀስ በቀስ ወደ ጥያቄ ተለወጠ እንጂ። ሆኖም «የለም» ብዬ እንድደመድም የሚያስችል ማስረጃ አላገኘሁምና፣ ማታ ለወዳጄ ደውዬ ይህንኑ ነገርሁት።