የጎረቤት እርሾ

ትናንት ማታ አራት ሰዓት ላይ ተነሳ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከምንጭ ኮድ ስገነባው የነበረው ሊኑክስ፣ እንደ ዊንዶውስ ያለ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው፣ ጥቁር ስክሪን ላይ አንዲት ቃል ጽፎ ጠበቀኝ፦ "ሎጊን"። በቃ፣ ሌላ ምንም የለውም። ማውዝ የለ፣ ብራውዘር የለ፣ ዎልፔፐር የለ። እኔ ግን ብቻዬን ጨፈርኩ። የደሴ የሐምሌ ብርድ ስለማይቻል ከነብርድ ልብሴ ነው የጨፈርኩት።

ብዙዎቻችን ኦፐሬቲንግ ሲስተም የምናገኘው ተጋግሮ ያለቀውን ነው። በፍላሽ ይመጣል፣ ኔክስት ኔክስት ይባላል፣ ያልቃል። እኔም ለሰው ኮምፒውተር ፎርማት ሳደርግ የኖርኩት እንደዛ ነው። ውስጡ ምን በምን ላይ እንደቆመ ግን ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው ቢኖር መልስ አልነበረኝም። ጄራርድ ቢክማንስ የሚባል ሰው በፈረንጆቹ 1999 የጀመረው ሊኑክስ ፍሮም ስክራች የሚባል መመሪያ አለ። ምንም አይጭንልህም። ሰማንያ ገደማ የሚሆኑ ፕሮግራሞችን የምንጭ ኮድ አውርድ ይልሃል፣ ከዛ አንድ በአንድ ራስህ ኮምፓይል ታደርጋለህ፣ ማለትም ኮዱን ወደሚሠራ ፕሮግራም ትቀይራለህ። ፋይል የምትዘረዝረው ትንሿ ትእዛዝ እንኳ በእጅህ ተሠርታ ነው የምትገኘው።

ኮዱን ያወረድኩት ኮምቦልቻ ሥራ ቦታ ነው። እዛው ምሳ ሰዓት ላይ ልጀምረው ስል የላፕቶፑ ፋን እንደ ወፍጮ ቤት ጮኸ። ኮምቦልቻ ከደሴ ስድስት መቶ ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች፣ ሙቀቷን ለላፕቶፔ አልመክርም። ደሴ ማታ ማታ ስሠራ ግን ሁለታችንም ተመቸን፤ እሱ ይቀዘቅዛል፣ እኔ እጄን አሞቅበታለሁ።

እማ አንድ ማታ ቡና እያፈላች ምን እንደሚያጓራ ጠየቀችኝ። ኮድን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይር ኮምፓይለር የሚባል ነገር እየሠራሁ ነው፣ ግን እሱም ራሱ በኮድ የተጻፈ ስለሆነ እሱን ለመሥራት ሌላ ኮምፓይለር ያስፈልጋል አልኳት። ረከቦቱን እያስተካከለች "እንደ እርሾ ነዋ" አለች።

ወላሂ ሦስት ቀን ያነበብኩት ነገር ያኔ ነው የገባኝ። ቤትህ እርሾ ካለቀ ጎረቤት ሄደህ ትለምናለህ። የመጀመሪያው እንጀራ የጎረቤትን ጣዕም ይይዛል። ሁለት ሦስቴ ከተቦካ በኋላ ግን ያንተ ቤት እርሾ ይሆናል። የኔ ጎረቤት ላፕቶፑ ላይ የነበረው ኡቡንቱ ነው፣ ተጋግሮ ያለቀ የሊኑክስ ዓይነት። ጂሲሲ የሚባለው ኮምፓይለር ሦስት ጊዜ ነው የሚሠራው። አንደኛውን የኡቡንቱ ጂሲሲ ይሠራዋል። ሁለተኛውን ያ አዲሱ ይሠራዋል። ከዛ የጎረቤት በር ይዘጋና ሦስተኛውን ሁለተኛው ይሠራዋል። ይሄ ሁሉ ድካም ከኡቡንቱ አንዲት ፋይል እንኳ ሾልካ እንዳትገባ ነው።

ጊዜው የሚለካበትም ነገር አስቆኛል። የመጀመሪያው ፕሮግራም ኮምፓይል ለመሆን የፈጀብህ ጊዜ አንድ መለኪያ ይሆናል፣ ሌላው ሁሉ በሱ ይሰፈራል፣ ልክ እንደ ገበያ ጣሳ። የኔ ጣሳ አምስት ደቂቃ ገደማ ነበር። የመጨረሻው ጂሲሲ ከነፈተናው ሌሊቱን ሙሉ ወሰደ፤ ተኝቼ ስነሳ የጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኖ እሱ ገና ይፈተን ነበር።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ነው። መመሪያው አዲሱ ሲስተም የሚቀመጥበትን ቦታ "ኤልኤፍኤስ" በሚባል ቫሪያብል፣ ማሽኑ እስኪጠፋ ብቻ በሚያስታውሰው ስም፣ ውስጥ አስቀምጥ፣ እንደ ሩት፣ ሁሉ እንደተፈቀደለት ተጠቃሚ፣ ሆነህም አትሥራ ይላል። እኔ ደግሞ ሰነፍ ነኝ፣ ፓስዎርድ መጻፍ ሰልችቶኝ እንደ ሩት እሠራ ነበር። ግሊብሲ የሚባለውን፣ ሁሉም ፕሮግራም የሚደገፍበትን ላይብረሪ ኮምፓይል አድርጌ እንደጨረስኩ መብራት ሄደ። ባትሪዬ ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው። መብራት ሲመጣ አስነሳሁት፣ ኮዱ የተሠራበት ፎልደር እንዳለ አለ፣ ደስ አለኝና ሜክ ኢንስቶል፣ የተሠራውን ቦታው ላይ አስቀምጥ፣ አልኩ። ቫሪያብሉ ግን ከመብራቱ ጋር ሄዷል። ባዶ ነው። ባዶ ሲሆን ደግሞ "አዲሱ ቤት" ማለት "እዚሁ"፣ ኡቡንቱ ላይ፣ ማለት ነው።

ፋይል ዘርዝር ለማለት ኤልኤስ ብዬ ጻፍኩ። ስህተት። ፋይል መገልበጫው ሲፒ፣ ስህተት። የማዘው ሁሉ እንቢ አለ። የጎረቤቴን ቡሃቃ ገልብጬ በላዩ ላይ የራሴን ሊጥ ደፍቼበታለሁ። መመሪያው እኮ ይሄንኑ፣ ቃል በቃል ማለት ይቻላል፣ በማስጠንቀቂያ ሳጥን ውስጥ ጽፎታል፤ አንብቤውም ነበር። ኡቡንቱን እንደገና ጫንኩ፣ ከዜሮ ጀመርኩ። መብራቱን ልራገም አስቤ ነበር፣ ግን ጥፋቱ የኔ ነው።

ሁለተኛው ዙር ላይ ግን አንድ የማልረሳው ነገር አየሁ። በሩ የሚዘጋበት ትእዛዝ "ሲኤችሩት" ይባላል። ከሱ በኋላ የኡቡንቱ ፋይሎች አይታዩህም፣ የሠራሃት ትንሽ ዓለም ውስጥ ብቻ ነህ። እንደገባሁ ሁልጊዜ ስሜ በሚታይበት ቦታ ላይ "አይ ሃቭ ኖ ኔም!" የሚል ጽሑፍ መጣ። ስም የለኝም! ቀልድ አይደለም። የተጠቃሚዎች ስም የሚጻፍበት ፋይል ገና ስላልተፈጠረ ነው። ስም እንዳልወጣለት ጨቅላ ነው እንግዲህ። ፋይሉን ለመፍጠር ሁለት ደቂቃ ይበቃል፣ እኔ ግን ትንሽ ዝም ብዬ አየሁት።

ከርነሉ፣ የሲስተሙ ልብ፣ ደግሞ አንድ ማታ በላ። ብልጥ ልሁን ብዬ የዲስኩን ፋይል ሲስተም ማንበቢያ በሞጁል፣ ማለትም ከከርነሉ ውጭ ባለ ለብቻው በሚጫን ፋይል፣ አደረግኩት፣ ሞጁሉ ያለው ደግሞ ዲስኩ ላይ ነው። ቁልፉን ቤት ውስጥ ትቶ በሩን እንደመዝጋት። ፓኒክ ብሎ ቆመ፣ ማንበቢያውን ወደ ከርነሉ ውስጥ አዋህጄ ደገምኩት፣ አለቀ።

ትናንት ማታ ከተነሳልኝ በኋላ እንቅልፍ አልወሰደኝም። የሰዓት ቀጠናውን ቀድሞ አዲስ አበባ አድርጌው ነበር፣ ለካ ፋይሉ የናይሮቢ ግልባጭ ነው፤ ሰዓታችን አንድ ስለሆነ አይከፋም። ቋንቋውን አማርኛ አድርጌ ቀኑን ስጠይቀው ደግሞ ዕለቱን በአማርኛ፣ ወሩን ግን ጁላይ አለኝ። እኛ ሐምሌ ላይ ነን አልኩት፣ አልሰማኝም። ይባስ ብሎ የአማርኛው ፊደል ሁሉ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ነው የሚታየው።

የኮንሶሉ፣ የዚህ ጽሑፍ ብቻ ያለበት ጥቁር ስክሪን፣ ፎንቶች ያሉበትን ፎልደር ዘረዘርኩ። ኪቢዲ የሚባለውን የኪቦርድና የፎንት ጥቅል በዚሁ ሳምንት ራሴ ነበር የጫንኩት፣ ውስጡን ግን አላየሁትም። ከዝርዝሩ መጀመሪያ አካባቢ "አጋፋሪ" ይላል። በላቲን ነው የተጻፈው ግን አጋፋሪ ነው። አጋፋሪ 12፣ 14፣ 16። ወረድ ስል ደግሞ "ጎሃ"። ማንም ሳይነግረኝ በገዛ እጄ ኮምፓይል አድርጌ ያስገባሁት የግዕዝ ፊደል! ኮንሶሉ በአንድ ጊዜ ከ512 በላይ የፊደል ቅርፅ አይችልም፣ የኛ ፊደል ደግሞ ብቻውን ከ300 ያልፋል፣ ግን አንድ ሰው ቁጭ ብሎ እያንዳንዷን በነጠብጣብ ስሏታል። ፎንት በሚቀይረው ትእዛዝ ሴትፎንት አጋፋሪ 16 አልኩ። ሳጥኖቹ ፊደል ሆኑ። ቀጫጭን፣ የተጨናነቁ፣ ግን ፊደል።

አማርኛ መጻፊያ ስለሌለው ኡቡንቱ ላይ አንድ ፋይል ጽፌ ወደሱ ገለበጥኩት። ጠዋት እማን ጠራኋትና ከፈትኩላት። "እንደምን አደርሽ እማ" ይላል፣ ነጭ በጥቁር ላይ። አይኗን አጥብባ አነበበችው።

"ሸጋ ነው። ግን ደቃቃ ነው።"

"ሙሉውን እኔ ነኝ የሠራሁት እማ።"

"አብሽር፣ ያምራል። እስቲ መንዙማ ክፈትልኝበት።"

"ድምፅ ገና የለውም።"

ላፕቶፑን አየችው፣ እኔን አየችኝ።

"እንግዲያው ስልኬን አቀብለኝ" አለች።