የድሬን ውሃና ፀሐይ የሚችል ዕቃ

ድሬዳዋ ላይ ድስትም ሸሚዝም ቶሎ የሚያረጀው በውሃውና በፀሐዩ ነው። ውሃው ከከርሰ ምድር፣ በኖራ ድንጋይ መሀል አልፎ የሚወጣ ስለሆነ ካልሲየም ይበዛበታል። ስለዚህ የድሬዎቹ ከፊራም ሆነ ታይዋን ገበያ ስትገቡ ከዕቃው ውበት በፊት ይህን ውሃ መቻሉን አስቡ።

የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ ስትገዙ ሬዚስታንሱ (ውሃውን የሚያሞቀው ጥምጥም) እርቃኑን ውሃ ውስጥ የተጠመጠመውን ተዉት። ነጩ ቅርፊት ሲደርብበት ሙቀቱ ወደ ውሃው ማለፍ ያቅተዋል፤ ሬዚስታንሱም ከልክ በላይ ግሎ ይቃጠላል። ወለሉ ጠፍጣፋ፣ አፉ እጅ የሚያስገባ ይሻላል። በየሁለት ሳምንቱ የ2 ሎሚ ጭማቂ በግማሽ ሊትር ውሃ አፍሉበት፣ 30 ደቂቃ አቆዩና እጠቡት። በቢላ አትፋቁት፤ የተቧጨረ ቦታ ላይ ቅርፊቱ ይበልጥ ይይዛል።

የማይዝግ ድስት ላይ ብዙ ሰው የሚሸወደው በማግኔት ነው። ሻጩ አስጠግቶ «አይስብም፣ ኦሪጅናል ነው» ይላል። 304 የሚባለው ብረት (18 በመቶ ክሮም፣ 8 በመቶ ገደማ ኒኬል) እውነትም አይስብም። ግን ኒኬሉ ተቀንሶ ማንጋኒዝ የተጨመረበት 201ም አይስብም፤ እሱ ደግሞ ዝገት ቶሎ ይጀምረዋል። በሌላ በኩል ለኢንዳክሽን ምድጃ የተሠራ ጥሩ ድስት ታቹ ማግኔት ይስባል። ስለዚህ እኔ የማምነው ታቹን ነው። ገልብጡት፤ በሁለት ብረት መሀል አሉሚኒየም የታሸገበት ወፍራም ታች ሙቀቱን እኩል ስለሚያዳርስ ወጡ መሀል ላይ አያርም። መስታወት ላይ አስቀምጡት፤ ከተወዛወዘ ታቹ ጎብጧል፣ ምድጃ ላይም በደንብ አይቀመጥም። ጎኑን በአውራ ጣት ተጫኑት፤ ከገባ አትግዙት። እጀታው በሪቬት (ተቀጥቅጦ በሚያያዝ ምስማር) የተመታ ቢሆን እመርጣለሁ፤ ሲላላ ቀጥቃጭ መልሶ ይመታዋል።

ጨው ውሃው ከፈላ በኋላ ጨምሩ። በቀዝቃዛ ውሃ ታች የተኛ ጨው ብረቱን በጥቃቅን ነጥብ ይበላዋል። በረኪናም እንደዚሁ ስለሚያደርግ ድስት አይታጠብበት።

ወደ ልብስ ስንመጣ፣ ሐረር የሰፊዎች መንገድ በሆነው መኪና ግርግር ላይ ማሰፋት ብዙ ጊዜ ከተዘጋጀ ልብስ ያዋጣል፤ ስፌቱን የምታዙት እናንተ ናችሁና። መጀመሪያ ከጨርቁ ጫፍ ክር መዛችሁ አቃጥሉ። ጥጥ እንደ ወረቀት ይሸታል፣ አመዱም ይልማል፤ ፖሊስተር ግን ቀልጦ ጠንካራ ፍሬ ይሆናል። ጥጥ ከሆነ ከመቆረጡ በፊት አንድ ሌሊት ውሃ ውስጥ አሳድሩትና አድርቁት። በሜትር ከ3 እስከ 5 ሴንቲሜትር ሊገባ ስለሚችል 20 ሴንቲሜትር ጨምራችሁ ግዙ። ይህን የዘለለ ሰው ሱሪው ከአንድ እጥበት በኋላ ያጥረዋል።

ለሰፊው ሦስት ነገር ንገሩት፦ ክሩ ፖሊስተር ይሁን፣ በአንድ ሴንቲሜትር ከ4 እስከ 5 ስፌት ይምታ፣ ወገቡ ላይ 2 ሴንቲሜትር ትርፍ ይተው። ስፌቱ ሲሳሳ ይተረተራል፤ ስስ ጨርቅ ላይ ከልክ በላይ ሲጠብቅ ደግሞ መርፌው ጨርቁን ወንፊት አድርጎ ያስቀድደዋል። የሱሪ መቀመጫና የኪስ ጥግ ሁለት ጊዜ ይመታ። ሽርጥ ያለው ስፌት አንድ ብቻ ስለሆነ እሱም ድርብ ይሁን።

በድሬ ውሃ ደረቅ ሳሙና ከካልሲየሙ ጋር ተጣብቆ ጨርቁ ውስጥ ይቀራል፤ ነጩን ያጠቁረዋል፣ ፎጣውን ያሻክረዋል። የዱቄት ሳሙና ይሻላል። በመጨረሻው ማለቅለቂያ 10 ሊትር ውሃ ላይ ግማሽ ብርጭቆ አቼቶ ጨምሩ፤ ግን በረኪና በነካው ውሃ ላይ በፍጹም አይጨመርም፣ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል። ከዚያ ፀሐዩ እንዳያስረጀው ልብሱን ገልብጣችሁ ጥላ ላይ ስጡት። በድሬ ሙቀት ጥላም ቢሆን ቶሎ ያደርቃል።