ሁሉም «አዎ» ያለበት መስፈርት

ለረጅም ጊዜ የምርምር ፕሮፖዛል የምንቀበለው በኢሜይል ነበር። የጥሪው የመጨረሻ ቀን ሲደርስ ሳጥኑ ይጨናነቃል፤ አንዱ አመልካች «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ 2»፣ «ይሄኛው ይያዝልኝ» የሚሉ ፋይሎችን አከታትሎ ይልካል፤ አስተባባሪያችን ደግሞ የትኛው ለገምጋሚ እንደሚሄድ እየደወለች ታጣራለች። ስለዚህ የኦንላይን ሲስተም ሊገዛ ነው ሲባል ደስ አለኝ። ዛሬም ቢሆን ወደ ኢሜይሉ እንመለስ የሚል ሰው ካለ እቃወመዋለሁ። እስካሁን የሚያንገበግበኝ አመራረጡ ነው።

ኮሚቴው በመስፈርት ጀመረ። ረጅም ሠንጠረዥ ተዘጋጀ፤ ስውር ግምገማ (የአመልካቹ ወይም የገምጋሚው ስም ተደብቆ የሚደረግ) ይፈቅዳል? የገምጋሚን የጥቅም ግጭት ይመዘግባል? ተመራማሪዎች ከሚለዩበት ዓለም አቀፍ መለያ፣ ከኦርኪድ ጋር ይያያዛል? በየጥያቄው ትይዩ አቅራቢው «አዎ» ወይም «አይ» ይሞላል። የተወዳደሩት ሁሉ ከላይ እስከ ታች «አዎ» ብለው መለሱ። ከኦርኪድ ጋር ይያያዛል ማለት ባለ 16 አሃዙ መለያ የሚጻፍበት ባዶ ሳጥን አለ ማለት ሊሆን ይችላል። ተመራማሪው በኦርኪድ አካውንቱ ገብቶ ማንነቱን ያረጋግጣል፣ የኅትመት ዝርዝሩም በራሱ ይመጣለታል ማለትም ሊሆን ይችላል። በሁለቱ መካከል የወራት ሥራ አለ፤ ሠንጠረዡ ላይ ግን ሁለቱም እኩል አንድ ነጥብ ያገኛሉ። ይህን በስብሰባ ላይ አንስቼ «ሁሉንም ነገር እንዲህ ከጎረጎርነው ግዢው አያልቅም» ተባልኩ።

ከዚያ ዴሞው፣ አቅራቢው ሲስተሙን የሚያሳይበት ቀን መጣ። በነጥብ የሚመራው አቅራቢ ዳሽቦርዱን ከፈተ፤ በየዘርፉ ስንት ፕሮፖዛል እንደገባ፣ ስንቱ እንደተገመገመ በቀለም የሚያሳይ፣ በእርግጥም የሚያምር ገጽ ነው። ሰብሳቢያችን ወደዱት። አስተባባሪያችን የኮሚቴ አባል አልነበረችም፤ ቢያንስ ትቀመጥ ብዬ ለምኜ ነው የገባችው። ጥያቄ አላችሁ ወይ ሲባል እጇን አወጣች።

«ቀነ ገደቡ ካለፈ በኋላ አንዱ ደውሎ የተሳሳተ ፋይል አያይዣለሁ ቢለኝና ሰብሳቢው ቢፈቅዱ፣ የእሱን ብቻ ለይቼ እዚሁ ሆኜ መክፈት እችላለሁ?»

«ለድጋፍ ቡድናችን ጥያቄ ያስገባሉ፣ በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ ይስተናገዳሉ እህቴ።»

«ማን እንደከፈተው፣ መቼ እንደከፈተው ይመዘገባል?»

«በሚቀጥለው ቨርዥን ይካተታል።»

«ነገ ውላችን ቢቋረጥ፣ ፕሮፖዛሎቹን ከነአባሪያቸውና ከነግምገማቸው በምን መልክ ታስረክቡናላችሁ?»

ሰውየው ወደ ባልደረባው ዞር ብሎ አየና «በኤክሴል» አለ።

«አባሪው እኮ ፒዲኤፍ ነው» አለችው።

ሰብሳቢያችን ጣልቃ ገቡ። «እነዚህ የአሠራር ዝርዝሮች ናቸው፣ በኋላ ይታያሉ» አሉና ዳሽቦርዱ እንደገና እንዲከፈት ጠየቁ። አስተባባሪዋ ማስታወሻ ደብተሯን ዘጋች። በዚያ ክፍል ውስጥ ከሲስተሙ ጋር በየቀኑ የምትውለው፣ በቀነ ገደቡ ሌሊት ስልኩን የምታነሳው እሷ ብቻ ነበረች።

ዝርዝር የተባለው ነገር ዋናው ነገር ነው። ሲስተም ያልፋል፤ የሚቀረው መዝገቡ ነው። የአሜሪካው ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ከ1990ዎቹ ጀምሮ ስንት ተመራማሪ ፕሮፖዛል ያስገባበትን ፋስትሌን የተባለ ሲስተም እ.ኤ.አ. በ2023 ዘግቶ ሥራውን ሪሰርች ዶት ገቭ ወደሚባል ሌላ ሲስተም አዛውሯል። ብሪታንያም ጄስ የሚባለውን ነባር የምርምር ማመልከቻ ሲስተሟን በአዲስ ተክታለች። ያን የሚያህሉ ተቋማት መቀየራቸው ካልቀረ፣ እኛ የምንገዛው ሲስተም አንድ ቀን እንደሚቀየር ከወዲሁ ማሰብ ነበረብን። መውጫው ሳይታወቅ መግባት ተገቢ አይደለም። ደግሞም ሲስተሙን የሚሞክረው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ቀላል አይደለም። ግራንትስ ዶት ገቭ የተባለው የአሜሪካ መንግሥት የድጋፍ ማመልከቻ ድረ ገጽ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተጠቀመበት ፒውርኤጅ የተባለው ቅጽ መሙያ የሚሠራው በዊንዶውስ ብቻ ነበር፤ ማክ ይጠቀሙ የነበሩ ተመራማሪዎች ማመልከቻ ለማስገባት ብቻ ሌላ ኮምፒውተር ወይም ሌላ መላ ፍለጋ ገቡ። በቢሮ ኮምፒውተር ላይ ምንም እንከን አይታይ ይሆናል፤ ችግሩ ያለው አመልካቹ ዘንድ ነው።

ይህን ሁሉ አስቤ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁ። ካለፈው ጥሪ አንድ ረጅም ፕሮፖዛል እንውሰድ፣ የአመልካቹ ስም ይሰረዝ፣ አንድ ተመራማሪ ደካማ ኔትወርክ ካለበት ቦታ ሆኖ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያስገባው። በጀቱንም፣ ተባባሪ ተመራማሪዎቹንም፣ ለሕዝብ የሚቀርበውን የአማርኛ ማጠቃለያም። ጊዜ የለም ተባለ። አቅራቢው በዴሞው የሞላው ጽሑፍ በሙሉ እንግሊዝኛ ነበር። ሲስተሙ ተገዛ።

የመጀመሪያው ጥሪ በሰላም አለፈ። ሲስተሙ በመጨረሻው ሌሊት አልወደቀም፤ ይህን ሳልደብቅ እመሰክራለሁ። እያንዳንዱ አመልካች «ፕሮፖዛልዎን ተቀብለናል» የሚል ኢሜይል ደረሰው። ሰብሳቢያችን በስብሰባ ላይ ሁላችንንም አመሰገኑ።

ግምገማው ተጀምሮ ውጤት መግባት ከጀመረ በኋላ አንዲት ገምጋሚ ደወለች። «እነዚህ ሰዎች ማጠቃለያቸውን ለምንድን ነው መሀል ላይ የሚተዉት?» አለችኝ። ከፍቼ አየሁት። አንዱ «ይህ ጥናት የሚያስገኘው ዋነኛ ጥቅም» ብሎ ይቆማል። ሌላው ቃሉን እንኳ ሳይጨርስ ነው የተቆረጠው፤ በመጨረሻው ፊደል ቦታ የጥያቄ ምልክት ያለበት ጥቁር ዳይመንድ ተቀምጧል። እሱን ሳይ ነገሩ ወዲያው ገባኝ።

ሳጥኑ 3,000 ሆሄ ይቀበላል ይላል። ስክሪኑ ላይ ያለው መቁጠሪያም የሚቆጥረው ሆሄ ነው። ከጀርባ ያለው መስክ ግን የተሠራው ለ3,000 ባይት (የኮምፒውተር ማከማቻ መለኪያ) ነበር። ኮምፒውተር ፊደላትን በሚያስቀምጥበት ዩቲኤፍ 8 በተባለው አሠራር አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ይወስዳል፤ አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት። ስለዚህ 2,800 ሆሄ የጻፈ ሰው መቁጠሪያው አረንጓዴ ሆኖለት፣ ማረጋገጫ ኢሜይል ደርሶት፣ የተቀመጠለት የጽሑፉን ግማሽ እንኳ አይሞላም። ሲስተሙ ስህተት አለ አላለም፤ የተረፈውን ዝም ብሎ ጣለው። ባጭሩ የጻፈው አልተነካም። የተጎዳው ለተራ አንባቢ እንዲገባ ብሎ የደከመው ነው። ማጠቃለያው ደግሞ ነጥብ አለው፤ «የጥናቱ ፋይዳ በግልጽ አልተቀመጠም» የሚል አስተያየት ተጽፎባቸው ወደ ታች የወረዱ ፕሮፖዛሎች ነበሩ። ፋይዳውን እኮ ጽፈውታል!

አቅራቢው መስኩን ለማስተካከል ብዙ አልፈጀበትም። የጠፋው ጽሑፍ ግን የትም የለም፤ አስተባባሪዋ ለእያንዳንዱ አመልካች ደውላ ከየኮምፒውተራቸው አሰባሰበችው። አንዳንዶቹ ከማስገባታቸው በፊት ገጹን ፎቶ አንስተው ስለነበር መቁጠሪያው ከነቁጥሩ ይታያል።

ያ ፎቶ በኋላ ጠቀመን። የዙሩ ሪፖርት ረቂቅ ሲመጣ «አንዳንድ አመልካቾች የጽሑፍ ገደቡን ባለማክበራቸው ማጠቃለያቸው ሳይሟላ ቀርቷል» የሚል ዓረፍተ ነገር አገኘሁበት። ደሜ ፈላ። ወደ ሰብሳቢያችን ቢሮ ገብቼ ፎቶዎቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ። «ገደቡን ያላከበረው ሲስተሙ ነው። ይህ ዓረፍተ ነገር እስካለ ድረስ አልፈርምም» አልኳቸው።

«ከአቅራቢው ጋር መካሰስ ውስጥ አታስገባን» አሉኝ።

«ከአቅራቢው ጋር ላለመካሰስ አመልካቹን እንክሰሰው?»

ለረጅም ጊዜ ፎቶዎቹን አዩ። ከዚያ እስክሪብቶ አንስተው ዓረፍተ ነገሩን ሰረዙ፤ ይህን ስላደረጉ አከብራቸዋለሁ። ገምጋሚዎቹ ሙሉውን ማጠቃለያ አንብበው የዚያን ክፍል ነጥብ ብቻ እንደገና ሰጡ። ደረጃቸው ከፍ ብሎ ገንዘቡን ያገኙ አሉ። የሁለተኛውን ንባብ ውጤት መጠበቅ ያልቻለ አጋሩን አጥቶ ራሱን ያገለለም አለ፤ ለእሱ የምንለው ነገር አልነበረንም።

አሁን ውሉ የሚታደስበት ጊዜ ደርሷል። በዚህኛው ኮሚቴ አስተባባሪዋ ድምፅ ያላት አባል ናት፤ ሙከራውም በራሳችን ፕሮፖዛል፣ በአማርኛ ይደረጋል ተብሎ በቃለ ጉባኤ ሰፍሯል። ፕሮፖዛሎቹን ከነአባሪያቸው በምን መልክ ታስረክቡናላችሁ የሚለውን ጥያቄዋን ደግሞ በደብዳቤ ልካዋለች። መልስ ገና አልመጣም፤ እሷም መልሱ ሳይመጣ ድምፅ አልሰጥም ብላለች።