ት.ቡ. ያልኳቸው ዓሦች

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት የዳይቪንግ ደብተሬን ያገላበጠ ሰው፣ በቀይ ባሕር በብዛት የሚገኘው ዓሣ «ት.ቡ.» ይባላል ብሎ ቢያምን አልፈርድበትም። የሌለበት ገጽ የለም። «ት.ቡ. 14»። «ት.ቡ. ስፍር ቁጥር የለውም»። አንድ ቦታ ደግሞ «ት.ቡ.፣ ቁጡ፣ ነከሰኝ»። ትንሽ ቡናማ ማለት ነው። ስሙን ያላወቅኩትን፣ ለማወቅም ያልደከምኩበትን ዓሣ ሁሉ የምከትበት ጆንያ ነበር።

በኋላ ጆንያውን ስዘረግፈው አብዛኛው ዳምሰልፊሽ ሆኖ ተገኘ። ፖማሴንትሪዴ የሚባለው ይህ ቤተሰብ ከ400 በላይ ዝርያዎች አሉት። ሁሉም ሰው የሚያውቀው ክላውንፊሽ እንኳ የዚሁ ቤት ልጅ ነው፤ ዝነኛው የአክስት ልጅ እንበለው። የካሊፎርኒያው ብርቱካናማ ጋሪባልዲ ከ30 ሴንቲ ሜትር ያልፋል፤ አብዛኞቹ ግን መዳፍ ላይ ተኝተው ቦታ ይተርፋቸዋል። ሰው ወደ ሪፍ፣ ኮራል ወደ ገነባው የባሕር ቋጥኝ፣ የሚወርደው ኤሊና ሻርክ ሊያይ ነው፣ እነሱን እንደ ግድግዳ ቀለም ያልፋቸዋል። እኔም ሳልፋቸው ነው የኖርኩት።

ቤተሰቡን መለየት ያን ያህል አይከብድም። ከጎን ሲያዩት ሰፋ ያለ፣ ከፊት ሲያዩት ስስ የሆነ ሰውነት፤ ትንሽ አፍ፤ ጀርባው ላይ ሳይቆራረጥ የሚሄድ አንድ ክንፍ። ከትንሽ አንጀልፊሽ ጋር የተምታታበት ሰው ጉንጩን ይመልከት። አንጀልፊሽ ስንጥቡ አካባቢ ወደ ኋላ የወጣ ጠንካራ እሾህ አለው። ከዳምሰልፊሾች መካከል ጎላ ያለ የጉንጭ እሾህ የማውቀው አንድ ክላውንፊሽ ላይ ነው፤ እሱም ቢሆን የበቀለለት ከዓይኑ ሥር ነው። ፎቶ አጉልቶ ማየት ለሚወድ ደግሞ አፍንጫ አለ። አብዛኛው ዓሣ በየጎኑ ሁለት ሁለት የአፍንጫ ቀዳዳ ሲኖረው፣ ዳምሰልፊሾች ከጥቂቶቹ በቀር በየጎኑ አንድ ብቻ ነው ያላቸው። ቆሮሶ የምንለው ቲላፒያም እንዲሁ ነው፤ መልካቸውም ይቀራረባል። ውኃ ውስጥ ሆኖ አፍንጫ የሚቆጥር ሰው ግን እስካሁን አልገጠመኝም።

ጣጣው የሚጀምረው ከቤተሰቡ ወደ ዝርያው ሲወረድ ነው። ቀለም ይዋሻል። ደብተሬ ውስጥ «ነጭ፣ ጀርባው ቢጫ፣ ክንፉ ላይ ሰማያዊ፣ ሽቅርቅር» ተብሎ የተመዘገበ ጣት የሚያህል ዓሣ አለ። ሌላ ገጽ ላይ «ጥቁር፣ ከሰል የመሰለ፣ ሁልጊዜ ለስላሳ ኮራል አጠገብ» የሚል አለ። እነዚህን እንደ ሁለት ዝርያ ስቆጥራቸው ኖርኩ። አንድ ቀን ሰውነቱ የጠቆረ፣ ጀርባው ላይ ያለው ቢጫ ግን ገና ያልለቀቀ ዓሣ ከለስላሳው ኮራል ሥር ወጥቶ ፊቴ ቆመ። ሽቅርቅሩና ከሰሉ አንድ ኖረዋል። ኒዮግሊፊዶዶን ሜላስ ይባላል፤ በልጅነቱ ሙሽራ፣ ሲጎለምስ ሐዘንተኛ። በዚህ ቤተሰብ ውስጥ እንዲህ ያለ ብዙ ነው። ካሪቢያን ውስጥ ያለው ማይክሮስፓቶዶን ክራይሱረስም በልጅነቱ ጥቁር ሰማያዊ መደብ ላይ የሚያበሩ ሰማያዊ ነጠብጣቦች ይረጩበታል፤ ሲያድግ ሰውነቱ ደብዝዞ ጅራቱ ብቻ ቢጫ ሆኖ ይቀራል። እዚያ የሚጠልቁ ስንቶች ሁለት አድርገው ቆጥረውት ይሆን?

የማይዋሽ የሚመስለው ሳጅኑ ነበር። ሰውነቱ ላይ ቁልቁል የወረዱ አምስት ጥቁር ሰረዞች፣ ጀርባው ላይ ቢጫ። «ሳጅን ሜጀር» የሚለውን ስም ያወጡለት ሰረዞቹ የማዕረግ ምልክት ስለመሰሏቸው ነው። የአትላንቲኩ አቡደፍዱፍ ሳክሳቲሊስ፣ የቀይ ባሕሩና የኢንዶ-ፓሲፊኩ አቡደፍዱፍ ቫይጊየንሲስ ይባላል። አብሮት የሚዋኝ መሰሉ ሲያጋጥም ጅራት ማየት ነው። ከሁለቱ የጅራት ቅርንጫፎች በእያንዳንዳቸው ላይ ጥቁር መስመር ካለና ጅራቱ የተከፈተ መቀስ ከመሰለ ሴክስፋሺያተስ ነው። ጅራቱ ሥር ከላይ በኩል ጥቁር ነጥብ ያለው ደብዛዛው፣ ማዕበል የሚመታው ጥልቀት የሌለው ውኃ የሚወደው፣ ሶርዲደስ ነው።

አቡደፍዱፍ የሚለውን ስም እወደዋለሁ። የስዊድናዊው የተፈጥሮ ሊቅ የሊኒየስ ተማሪ የነበረው ፒተር ፎርስኮል ከዴንማርኩ የአረቢያ ጉዞ ጋር ወጥቶ የቀይ ባሕርን ዓሦች ሲሰበስብ የአረብኛ ስማቸውንም አብሮ ይጽፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1763 የመን ውስጥ በወባ ሞተ፤ ማስታወሻውን ከጉዞው በሕይወት የተመለሰው ካርስተን ኒቡር በ1775 አሳተመለት። ይህም ስም ከዚያ የተረፈ ነው። ዓሣን «አቡ»፣ በአረብኛ አባት፣ ብሎ መጥራት አባ ጨጓሬ ለሚል ሰው ጆሮ እንግዳ አይደለም።

እንደዚያም ሆኖ ሳጅኑም ዋሸኝ። በሦስተኛው ዓመት አንድ ቋጥኝ ፊት ለፊት ሰረዞቹ የደበዘዙ፣ መላ አካሉ ወደ ጥቁር ሰማያዊ የሄደ ዓሣ አየሁ። አዲስ ዝርያ አገኘሁ ብዬ ካሜራዬን ይዤ ቀረብኩ። ከቋጥኙ አይርቅም፤ ወደ እኔ ይወረወራል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይወረወራል። ድፍረቱ አስቆኝ ይበልጥ ተጠጋሁ። በመጨረሻ ሸሸት አለ። ከኋላው ቋጥኙ ላይ ሁለት መዳፍ የሚያህል ወይን ጠጅ ምንጣፍ ነበር። እንቁላል መሆኑ የገባኝ፣ ዳር ዳሩን ሲጠብቁ የነበሩ ስድስት ሰባት ዓሦች ከየት መጡ ሳይባል አፋቸውን ሲተክሉበት ነው። ወደ ኋላ ቀዘፍኩ። ወንዱ ተመልሶ በታተናቸው፤ ይሁን እንጂ የምንጣፉ አንድ ጥግ ባዶ ድንጋይ ሆኗል። የወሰደው ጊዜ ግማሽ ደቂቃ አይሞላም።

ያ ሰማያዊ መልክ አባትነት ነው። ሴቷ ጥላ ትሄዳለች፤ ወንዱ ይጠብቃል፣ በክንፉ ውኃ ያራግብበታል፣ የሞተውን እየለቀመ ይጥላል። አንዳንዱን ራሱ ይበላዋል፤ አባትነትም ያስርባል መሰለኝ። ከሳምንት ባነሰ ጊዜ ይፈለፈላል፤ ጫጩቶቹም ወደ ሰፊው ባሕር ተወስደው ለሳምንታት ከተንሳፈፉ በኋላ የቀናቸው ሪፍ ላይ ያርፋሉ። ዕጣቸውን ያበላሸሁት እነዚያን ነበር። ጀልባ ላይ ስንወጣ አብራኝ የጠለቀችው ጓደኛዬ ፎቶውን አየችና «አንተ ነህ የከፈትክላቸው» አለችኝ። ሌላ አልጨመረችም።

ከዚያ ወዲህ መቅረብ ትቼ መቆም ጀመርኩ። አንድ የኮራል ጉብታ መርጬ፣ ሁለት ሜትር ርቄ፣ ያለ እንቅስቃሴ ቢያንስ አምስት ደቂቃ። ጓደኛዬ ትሰላቻለች፤ «ዛሬም አንድ ድንጋይ አይተህ ወጣህ?» ትለኛለች። አይቼ ነው የወጣሁት። የመጀመሪያዋ ደቂቃ ባዶ ናት፤ ሁሉም ይደበቃል። በሁለተኛው ይወጣሉ። በሦስተኛው እኔን ይረሱኛል። ደብተሬም ከቀለም ወደ ግሥ የዞረው ያኔ ነው፦ ማን ከላይ ይለቅማል፣ ማን ከታች ይግጣል፣ ማን ማንን ያባርራል።

ግሡ ከቀለሙ የታመነ ነው፤ ኑሮው ሰውነቱ ላይ ተጽፏልና። ከጉብታው በላይ ውኃው መሐል ሆኖ ፕላንክተን የሚባሉ ተንሳፋፊ ደቃቅ ፍጥረታትን የሚለቅመው ቀጠን ያለ ሲሆን ጅራቱም እንደ ሹካ ጠልቆ የተሰነጠቀ ነው፤ ሲደነግጥ በአንድ ትንፋሽ ቅርንጫፍ ኮራል ውስጥ ይገባል። ክሮሚሶች እንዲህ ናቸው። አረንጓዴ ሰማያዊው ክሮሚስ ቪሪዲስ በመንጋ ወጥቶ በመንጋ ይጠፋል። ፊቱ ቡናማ፣ ኋላው ነጭ፣ ልክ በመሐል በመስመር እንደተከፈለ የሆነውን ዲሚዲያተስን ግን ማንም ሊስተው አይችልም፤ በእሱ ላይ ጊዜ አላጠፋም። ታች የሚኖረው ደግሞ ድልድል ያለ፣ ጅራቱ ብዙ ያልተሰነጠቀ፣ ቀለሙ የማይስብ ነው። ት.ቡ. ማለት በአመዛኙ እሱ ነው።

የነከሰኝም እሱ ነው። ስቴጋስቴስ ኒግሪካንስ፣ ገበሬው። ማሳ አለው፤ የሞተ ኮራል ላይ የበቀለ፣ ከሩቅ ሲታይ ቆሻሻ ፀጉር የሚመስል የአልጌ ምንጣፍ። እኔ ለዓመታት የተበላሸ ኮራል ብዬ ያለፍኩት ማለት ነው። ሰሌዳዬ ላይ በክር የታሰረው እርሳሴ ማሳው ላይ ሲንጠለጠል ሮጦ መጥቶ መታው። ሳላነሳው ስቀር ደገመው። በሦስተኛው እርሳሱን ትቶ ወደ ባለቤቱ መጣና ጣቴን ነከሰኝ። አሥራ አምስት ሴንቲ ሜትር እንኳ የማይሞላ ዓሣ ነው! ከእሱ እጥፍ የሚበልጥ ፓሮትፊሽ ሲያባርርም አይቻለሁ። የሚያሸንፉት በመንጋ ሲመጡበት ነው፤ አንዱን ሲያባርር ሃያው ይግጣል።

እያደር ያስገረመኝ ግን ጠቡ ሳይሆን ሥራው ነው። ማሳው ላይ አቀርቅሮ አንድ ነገር ይነቅላል፣ አይውጠውም፤ እስከ ድንበሩ ይዞት ይሄድና ይተፋዋል። ያርማል። የጃፓን ተመራማሪዎች የዚህን ዓሣ ማሳዎች ሲመረምሩ አብዛኛው የተሸፈነው ፖሊሲፎኒያ በሚባል የቀይ አልጌ ወገን መሆኑን አግኝተዋል። ለሆዱ የሚስማማውን ለስላሳ አልጌ ትቶ ሌላውን ይነቅላል፤ ዓሣው ሲወሰድም ማሳው ብዙ አይቆይም፣ ወይ በሌሎች ይጋጣል ወይ በአረም ይዋጣል። ካሪቢያን ውስጥ ያለው ዘመዱ ስቴጋስቴስ ዳይንኬየስ ይባስ ብሎ ከብት ያረባል ማለት ይቻላል። ቤሊዝ ውስጥ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2020 እንደታተመው፣ ማሳው ላይ የሚርመሰመሱ ሚሲድ የሚባሉ ደቃቅ ሽሪምፖችን ከአዳኝ ይከልላል፣ እነሱም ኩሳቸውን ለአልጌው ማዳበሪያ ይሰጡታል። ማረም የሚለው ቃላችን ሁለቱንም፣ አረም መንቀልንም ስሕተት ማቅናትንም መያዙ እዚያ ድንጋይ ፊት ቆሜ ነው ትዝ ያለኝ። «ት.ቡ.፣ ቁጡ» የሚለው መስመሬ ላይ ሰረዝ አሰመርኩበትና «ገበሬ፣ ማሳው 1 ሜ. ገደማ» ብዬ ጻፍኩ።

ከገበሬው ቀጥሎ የምወዳቸው ዳሲለሶች ናቸው። ነጭ ላይ ሦስት ጥቁር ሰረዝ ያላቸው ትናንሾቹ በአንድ ቅርንጫፍ ኮራል ሰባት ስምንት ሆነው ይኖራሉ፤ ሁሉም አንድ መስለው ይታያሉ። ቆሞ ላያቸው ግን ተራ አላቸው። ትልቁ ወንድ ነው፣ ሌሎቹ በቁመት ይሰለፋሉ፤ ትልልቆቹ ጅረቱ ወደሚመጣበት ወጣ ብለው ምግቡን አስቀድመው ይለቅማሉ፣ ትንሿ ከቅርንጫፉ አትርቅም። ወንዱ ሲጠፋ ከሴቶቹ አንዷ ወንድ ትሆናለች። ክላውንፊሽ ቤት ተቃራኒው ነው፤ ትልቋ ሴት ናት፣ ስትሞት ባሏ ሴት ይሆናል። ጥቁሩ ባለ ሦስት ነጭ ነጥብ ዶሚኖ ደግሞ በልጅነቱ አኔሞኒ በሚባለው፣ አበባ በሚመስለው የባሕር እንስሳ ውስጥ ከክላውንፊሽ ጋር ተዳብሎ ይኖራል። ጎልማሳው ወንድ ሴት ሲጠራ ወደ ላይ ይወጣና በድንገት ቁልቁል ይወረወራል፣ እየወረደም ትር ትር የሚል ድምፅ ያሰማል። ትንፋሼን ያዝ ሳደርግ ሰምቼዋለሁ፤ መጀመሪያ ዕቃዬ የተበላሸ መስሎኝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ሦስት ቢጫ ዓሦች ፊት ቆምኩ። ፖማሴንትረስ ሰልፈሪየስ ናቸው፤ መላ አካላቸው ቢጫ ሆኖ የጎን ክንፋቸው ሥር ጥቁር ነጥብ አለ። አንደኛው ሁለተኛውን ባየው ቁጥር ያባርረዋል፣ ሦስተኛውን ግን አይነካውም። አምስቱን ደቂቃ አልፌ አሥራ አንድ ቆየሁ። በአውስትራሊያ ሪፎች ሁለት ለእኛ ዓይን የሚመሳሰሉ ቢጫ ዘመዶቻቸው ላይ በተሠራ ጥናት፣ አምቦይነንሲስ የሚባለው ፊቱ ላይ በአልትራቫዮሌት ብርሃን ብቻ የሚታይ ጥልፍ እንዳለውና የራሱን ወገን ከሌላው የሚለየው በዚያ እንደሆነ ታውቋል። አብዛኞቹ አዳኞቻቸው ያንን ብርሃን አያዩትም፤ እኛም አናይም። የእኔዎቹ ፊት ላይ ምን እንደተጻፈ እንጃ። አየሬ ሊያልቅ ሲል ሰሌዳዬን አንስቼ «ቢጫ፣ 3። አንዱ አንዱን ያውቀዋል» ብዬ ጻፍኩና ወደ ላይ ወጣሁ።